ለሦስት ሩብ ጉዳይ ላይ የሚነጋበት አገር

ስቶክሆልም ከገባሁ ሰባት ዓመት ቢሞላኝም የስልኬን እንጂ የልቤን ሰዓት እስካሁን መለወጥ አልቻልኩም። ለእኔ አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት ወይ ሊነጋ ነው፣ ወይ ሊመሽ ነው፤ ሰዓት መቁጠር የተማርነው ከፀሐይ ጋር ነውና። እዚህ ግን በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ለሦስት ሩብ ጉዳይ ገደማ ሲሆን የምትጠልቀው ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ ነው፤ ያውም ደመናው ከፈቀደ። አዲስ አበባ ላይ አጭር የሚባለው ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ብርሃን ሲኖረው፣ የስቶክሆልሙ ከ6 ሰዓት ብዙም አያልፍም። የምሠራው በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ በመሆኑ በጨለማ ገብቼ በጨለማ እወጣለሁ።

ባለፈው ኅዳር የሆነውን ልናገር። በምኖርበት ሕንጻ ምድር ቤት ነዋሪው ሁሉ ተራ እየያዘ የሚጠቀምበት የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ። አንድ ማታ ልብሴን ላወጣ ስወርድ ማድረቂያው ላይ «ማጣሪያውን ሳያጸዳ የሄደ ሰው እዚህ ብቻውን የሚኖር ይመስለዋል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። የጻፈው ሰው ስሙን አላኖረም፤ ጥፋቱም የእኔ ይሁን የሌላ አላውቅም። እኔ ግን እርጥቡን ልብስ እንደታቀፍኩ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አገር ቤት ሳለሁ ጎረቤት ባጥር በኩል ቢናገረኝ መልሱን ሰጥቼ በማግስቱ ቡና ስጠራ የምሄድ ሰው ነበርኩ። በዚያው ሳምንት ከአንድ መሥሪያ ቤት «ሰነድ ጎድሏል» የሚል ደብዳቤ መጣ፤ ሊጡም ከብርዱ የተነሣ አልቦካ አለኝ። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲታይ ኢምንት ነው፤ ሆኖም አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ።

ጤና ጣቢያ ስሄድ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም ብዬ ኮርቼ ነበርና «ሆድ ይብሰኛል» የሚለውን በገዛ ስዊድንኛዬ ቃል በቃል ተረጎምኩት። ሐኪሟም ምን እንደምበላ፣ ወተት ይስማማኝ እንደሆነ አጥብቃ ጠየቀችኝ። የእኛ ሰው ኀዘኑን የሚያስቀምጠው በሆዱ መሆኑን እስካስረዳት ድረስ የቀጠሮው ግማሽ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያቀረበችልኝ ጥያቄ ግን ስለ ቤተሰቤም ስለ አገሬም አልነበረም፤ በቀን ውስጥ ስንት ደቂቃ ውጭ እንደምውል ነበር። ተናደድኩ። እኔ ስለ ናፍቆት ላወራት መጥቼ እርሷ ስለ መብራት ትነግረኛለች።

ቤቴ ገብቼ ሳነብ ግን ነገሩ እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም። በየዓመቱ ከጨለማው ወራት ጋር የሚመጣውንና ከብርሃን ጋር የሚሄደውን ድብርት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ከባልደረቦቹ ጋር በጥናት የገለጸው ኖርማን ሮዘንታል የሚባል ሐኪም ነው። እርሱም ፀሐይ ከማይጠፋበት ከጆሃንስበርግ ወደ አሜሪካ የሄደ ስደተኛ ነበርና በክረምት ጉልበቱ ሲከዳው አስቀድሞ ያየው በራሱ ላይ ነው። ይህን ሳነብ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ቁርሴን የምበላው 10,000 ሉክስ (የብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው) ከሚሰጥ መብራት ፊት ለፊት 30 ደቂቃ ተቀምጬ ነው፤ የአንድ ቤት ተራ አምፖል የሚሰጠው ከጥቂት መቶ ሉክስ አይበልጥም። በምሳ ሰዓት ደግሞ ብወድም ባልወድም እወጣለሁ፣ ምክንያቱም የተዳመነ ሰማይ እንኳ ከቤት ውስጥ መብራት እጅግ ይበልጣል። በደም ምርመራ ቫይታሚን ዲ አንሶኝ ስለተገኘ ሐኪሟ ያዘዘችልኝንም እወስዳለሁ፤ የእነዚህ ወራት ፀሐይ ቆዳችን ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የማድረግ አቅም የላትም፣ ጥቁር ቆዳ ደግሞ የበለጠ ብርሃን ይፈልጋል።

የማስታምማቸው የ91 ዓመት ባልቴት ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። ስዊድናውያን ከገና በፊት በየመስኮታቸው የሚያቆሙትን ባለ ሰባት አምፖል መቅረዝ እኔ እንደ ጌጥ ነበር የማየው። እሳቸው ግን መቅረዙ ጨለማውን መቋቋሚያ እንደሆነ፣ እናታቸውም በኖቬምበር ምንም ዓይነት ውሳኔ እንደማይወስኑ፣ ከባለቤታቸው ጋር ቢጣሉ እንኳ ነገሩን እስከ ማርች ያቆዩት እንደነበር አጫወቱኝ። እኔም አሁን የሚያስቆጣ ደብዳቤ ሲመጣ በማታ አልከፍተውም፤ በማግስቱ ምሳ ላይ፣ ከእግር ጉዞ መልስ እከፍተዋለሁ።

መብራቱ እናቴን አያመጣልኝም፤ የአውቶቡሱን ዝምታም አይሰብርም። ነገር ግን የከፋኝን ሁሉ በስደት አመካኝ ነበር፤ የጨለማውን ድርሻ ለጨለማው ስመልስለት የቀረው ናፍቆት ልሸከመው የምችለው ሆነ። በእኛ ዘንድ ግን ይህን መናገር ይከብዳል። አንዱ «ምን ጎደለሽ?» ይላል፤ ሌላው ጠበል ይመክራል። ጠበሉን አልጠላም፤ ግን ብርሃኑ ተመልሶ እንኳ የማይለቅ ሐዘን ያለበት ሰው ሐኪም ማየት አለበት።

ለእናቴም «ደህና ነኝ» ማለቱን ትቼ እውነቱን ነገርኳት።

«እማዬ፣ ጨለማው ከብዶኛል።»

«በታኅሣሥ? በዚህ በበጋ?» አለችና ዝም አለች። ከዚያም፣ «መብራት ይጠፋል እንዴ እዚያም?»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ወዲህ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ዛሬ ፀሐይ ወጥታ እንደሆነ ነው።

የዘንድሮ ገና እንደ ወትሮው በሥራ ቀን ዋለ። ጃንዋሪ 6 እነርሱ በዓል ብለው ያርፋሉ፤ በማግስቱ የእኛ ልደት ሲሆን ሁሉም ሥራ ይገባል። እኔ ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁ። ሊጡን በዋዜማው የኦቭኑን መብራት ብቻ አብርቼ በውስጡ አሳድሬው ነበርና (እርሱም እንደ እኔ መብራት ፈልጎ ኖሯል) በደንብ ቦክቶ ዓይናማ እንጀራ ወጣው። ዶሮው እስኪበስል በመስኮት ሳይ ሰማዩ ገና አልጠቆረም፤ ሰዓቴን ተመለከትኩ፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።