ዝገት የያዘው ቡሎንና የተዘነበለችው ቮልሴ

የ1964 ቮልስ ፓራፋንጎ (የጎማ መሸፈኛውን ቆርቆሮ) ማውለቅ ቀላል ይመስላል። ቡሎኖቹ ግን የአዲስ አበባን ክረምት ጠጥተው ጠጥተው ከቦዲው ጋር አንድ ሆነዋል። በጉልበት ከታገሏቸው ጭንቅላታቸው ይቆረጥና ጥርስ ያለው ግንዳቸው ውስጥ ይቀራል። ከዋዜማው ዝገት ማስለቀቂያ ዘይት አርከፈከፍኩባቸው። ከዚያ ትንሽ መፍታት፣ መልሶ ትንሽ ማጥበቅ፣ እንደገና መፍታት። ሊለቅ ሲል ጢጥ ይላል፤ ደስ ሲል! አዲሱን ቡሎን ግሪስ ቀብቼ ነው የምመልሰው። ሶማሌ ተራ ቡሎን ሞልቷል። ብቻ ጥርሱን ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፤ "ያው ነው" የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ።

የኋላው ግራ ጎን ደግሞ ዝቅ ብሏል። ያየ ሁሉ "አሞርዛተር ቀይሪ" ይለኛል። አሞርዛተር ንጥረቱን ነው የሚያበርደው። መኪናዋን የተሸከመው ቶርሽን ባሩ ነው፤ እየተጠመዘዘ እንደ ስፕሪንግ የሚሠራ የብረት ዘንግ። የውስጥ ጫፉ 40 ጥርስ አለው፣ የውጪው 44። አንዱን ጫፍ አንድ ጥርስ ወደፊት፣ ሌላውን አንድ ጥርስ ወደኋላ ብታዞሩ ልዩነቱ አንድ ዲግሪ እንኳን አይሞላም፤ ከፍታውን በጥቂት በጥቂቱ ማስተካከል ይቻላል። ጀርመኖቹ አስበውበታል! ዘንጉን የያዘው ብረት ግን ተወጥሮ ነው የሚቀመጠው። በክሪክ ደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱት፤ ካፈተለከ እጅ ይሰብራል።

አሁን ቀጥ ብላ ቆማለች። የሚቀጥለው የፊቱ ኪንግ ፒን ነው፤ መሪ ሲጠመዘዝ የፊት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ። እሱን ግሪስ ስታጠጡ የፊት ጎማዎቹን ከመሬት አንሱ፤ አለዚያ ክብደት ያረፈበት ወገን ደረቁን ይቀራል።