አክስቴን ከሰል ያስመሰልኩበት ፎቶ

"ፎቶዬን የት አደረስከው?"

ለመስቀል ስሄድ ገና ከበር ሳልገባ አክስቴ የተቀበሉኝ በዚህ ነው። የሚኖሩት አንኮበር አጠገብ ነው፤ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ባለፈው ጥምቀት ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ስንት ፎቶ አንስቻቸው ነበር። ሁሉም ስልኬ ውስጥ አለ። ቶሎ ብዬ አወጣሁና አሳየኋቸው።

"እሱማ ያንተ ነው" አሉኝ። "የጠየቅኩህ የእኔን ነው።"

መልስ አልነበረኝም። የእለት እንጀራዬ ሒሳብ ያዥነት ነው። ፎቶ የማነሳው ስለምወደው ብቻ ነው። ካሜራዬም ከአጎቴ ልጅ የገዛሁት ያገለገለ ካኖን 1100ዲ ነው። 4 ዓመት ሙሉ ገጠር በወጣሁ ቁጥር "ትሰጠኛለህ አይደል?" ያለኝን ሁሉ "እንዴታ!" እያልኩ መጥቻለሁ። ያ ሁሉ "እንዴታ" ኮምፒውተሬ ውስጥ ተከምሮ ቁጭ ብሏል። ፎቶ ቤት ወስዶ ማሳጠብ ይቻል ነበር። ያልወሰድኩት በስንፍና ነው፤ ሌላ ሰበብ የለኝም።

ታኅሣሥ ላይ ሁለት ወር ያጠራቀምኩትን ይዤ ወጣሁና ፕሪንተር ገዛሁ። ቀለሙ ከጠርሙስ ወደ ታንኩ የሚሞላ፣ ባለ 4 ቀለም። ባለቤቴ ካርቶኑን ስታይ "ማቀዝቀዣ መስሎኝ ነበር" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ደብረ ብርሃን ላይ በታኅሣሥ ማቀዝቀዣ ምን ያደርጋል ብዬ ለመቀለድ ሞከርኩ። አልሳቀችም።

የመጀመሪያው ማታ ያተምኩት ፎቶ አልደርቅ አለ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ጣቴን አስጠግቼ ብነካው የአክስቴ ጋቢ ከአውራ ጣቴ ጋር ተነሳ። ቀለሙ የማይረባ ነው ብዬ ሻጩን በሆዴ ስረግመው አመሸሁ። ለካ ፎቶ ወረቀቱን ገልብጬ አስገብቼው ኖሯል። ቀለም የሚመጠው የሚያብረቀርቀው ፊት ብቻ ነው። ጀርባው ላይ ቀለሙ እንደ ወጥ ተንሳፎ ይቀራል። የኔ ፕሪንተር ወረቀት ሲጎርስ ፊቱን ወደ ላይ ነው የሚፈልገው፤ ሌላው ተቃራኒውን ሊፈልግ ይችላል። አሁን አዲስ ወረቀት ስገዛ ጥግ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌ አንድ ባዶ አሳልፋለሁ። ሌላው ስህተቴ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ የወረቀቱን ዓይነት አለመምረጤ ነበር። ተራ ወረቀት ነው ተብሎ የተነገረው ፕሪንተር ለፎቶ ወረቀት የሚያስፈልገውን ያህል ቀለም አይረጭም። ነጠብጣብ ያለበት፣ ሕይወት የሌለው ነገር ነው የሚወጣው።

እሱን አስተካክዬ ለገና ፎቶውን በፖስታ ይዤ ሄድኩ። አክስቴ ተቀበሉኝ፤ ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። ዝም ብለው አዩት። አራቁት፣ አቀረቡት።

"ይቺ ማናት?"

"እርስዎ ነዎታ፣ እትዬ።"

"ጋቢውስ የእኔ ነው። ሴትዮዋን ግን ከሰል አስመስለሃታል።"

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ልክ ነበሩ። ጋቢው አመድማ፣ ፊታቸው ጥቁር ጥላ፣ ዓይናቸው የለም። ስልኬ ላይ እኮ እንዲህ አልነበረም! ሲመሽ ተሳፍሬ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ይህን ነበር የማስበው።

ጥፋቱ ሁለት ነበር። አንደኛው ስክሪን ነው። ስክሪን ከኋላው መብራት አለው፤ የጨለመውንም ፎቶ አብርቶ ያሳይሃል። ወረቀት የራሱ ብርሃን የለውም። እኔ ደግሞ የኮምፒውተሬን ብርሃን ጥግ ድረስ ከፍቼ ነበር ፎቶ የማስተካክለው። አሁን ግማሽ ላይ አድርጌዋለሁ። ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ይዤ ሁለቱ እስኪቀራረቡ ድረስ ነው የቀነስኩት። ከዚያ ወዲህ የማየውና የማትመው ብዙ አይጣሉም።

ሁለተኛው ጥፋት የካሜራና የጋቢ ነገር ነው። ካሜራ ጋቢ ምን እንደሆነ አያውቅም። ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ነው የሚሞክረው። ነጭ ሲበዛበት "ኧረ ብርሃን በዛ" ይልና ያጨልመዋል። ጋቢው ግራጫ ይሆናል፤ ከጋቢው ውስጥ ያለው የጠይም ሰው ፊት ደግሞ ይጠፋል። በነጠላና በጋቢ አገር ፎቶ የሚያነሳ ሰው ይህን ከሁሉ በፊት ማወቅ ነበረበት። እኔ በ5ኛ ዓመቴ፣ በአክስቴ ቀልድ አወቅኩት።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ካሜራዬ ላይ ኤቪ የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ተጭኜ ይዤ መዘውሯን ወደ መደመር ሳዞር ፎቶው ይፈካል። ነጭ ለለበሰ ሰው አንድ ሙሉ እጨምራለሁ። አንዳንዴ ጋቢው ትንሽ ነጥቶ ዝርዝሩ ይጠፋል። ይጥፋ! ፎቶውን የሚጠብቀው ሰው የሚፈልገው ፊቱን ነው። ያን የገናን ዕለትም ሳልመለስ በፊት አክስቴን እንደገና አንስቻቸው ነበር። ይህን ሁሉ አውቄ ሳይሆን በእልህ ነው። ፀሐይ ላይ ሳይሆን ከበሩ ገባ አድርጌ፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙሬ፣ መዘውሯን ወዲያም ወዲህም እያዞርኩ። ቤት ገብቼ ሳያቸው ከ11ዱ ሁለቱ ደህና ወጥተዋል። ሁለቱም የመደመር ወገን ናቸው።

ምርጡን ለማተም የተጠቀምኩበትን ዘዴ እስከ ዛሬ አልተውኩትም። ሙሉ ወረቀት አላባክንም። ፊታቸውን ብቻ ቆርጬ፣ 6 ጊዜ በተለያየ ፍካት አንድ 10 በ15 ወረቀት ላይ ደርድሬ አትማለሁ። ሲደርቅ መስኮት ዳር ወስጄ እመርጣለሁ። አምፖል ሥር አልመርጥም፤ የቤታችን አምፖል ሁሉንም ሰው የወባ በሽተኛ ያስመስላል።

እንግዲህ ለፋሲካ አድርሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። እስከዚያው ጥር ነውና ሠርግ በሠርግ ሆንን። ፕሪንተሩ ሌት ተቀን ሠራ።

ጥር መጨረሻ ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጓሳ ወጣን። መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ የጠዋቱ ብርድ ጥርስ ያንገጫግጫል። እዚያ ሁለት ነገር ተማርኩ። ማታ እስከ አፉ የሞላሁት ባትሪ ፀሐይ ሳትወጣ አለቀ። አለቀ ማለት እንኳ ልክ አይደለም፤ ብርድ ባትሪን ያደነዝዘዋል እንጂ አይጨርሰውም። አውጥቼ ብብቴ ሥር ስይዘው ትንሽ ቆይቶ ነፍስ ዘራ። ከዚያ ወዲህ ትርፍ ባትሪዬ የሚያድረው ከሸሚዜ ኪስ ነው። ደብረ ብርሃንም በውርጭ ጊዜ ያው ነው።

ሁለተኛው ጭላዳዎቹ ያስተማሩኝ ነው። ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው፣ ጠዋት ወደ ሜዳው ወጥተው ሣር ሲነጩ በጣም ታስጠጋለህ። እኔም ከአክስቴ የተማርኩትን ይዤ፣ መዘውሯን መደመር ላይ እንዳደረግኩ አነሳሁ። የትልቁ ወንድ ጠጉር ታጥቦ የተሰጣ ጨርቅ መሰለ። ያ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ሮዝ ሆነ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነዋ! ጥቁር ሲበዛበት ካሜራው "ጨለመ" ብሎ ያፈካል። ስለዚህ ለጥቁር መቀነስ፣ ለነጭ መጨመር። ሒሳብ ያዥ ሆኜ ይህን ለማስታወስ ሁለት ዓመት በዓል ያስፈልገኛል?

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። 55 ቀን ሠርግ የለም፣ ድግስ የለም፣ የሚታተም የለም። ፕሪንተሬም አብሮኝ ጾመ።

ችግሩ ፋሲካ ሲመጣ እኔ ስፈታ እሱ አልፈታ አለ። የስቅለት ማግስት ማታ የአክስቴን ፎቶ ላትም ብል ፊታቸው በርበሬ ሆኖ ወጣ። ጋቢው እንኳ ቀላ። የሙከራ ወረቀት ሳሳትመው ሰማያዊው ቀለም አንድም መስመር አላወጣም። ደርቆ ቀዳዳውን ዘግቶታል። ሰማያዊ ሲጎድል ሁሉም ነገር ወደ ቀይ ነው የሚሄደው።

ያኔ የሠራሁት ስህተት ከሁሉም ይብሳል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሄድ ክሊኒንግ የሚለውን፣ ማለትም ቀለም የሚረጨውን ክፍል (ሄዱን) ማጠቢያውን ተጫንኩ። አልተለወጠም። ደግሜ ተጫንኩ። 9 ጊዜ! እያንዳንዱ እጥበት ቀለም ይጠባል። የሚጠባውም ቀለም የትም አይሄድም፤ ከፕሪንተሩ ሥር ያለ ስፖንጅ ውስጥ ነው የሚጠራቀመው። ስፖንጁ ሲሞላ ፕሪንተሩ ራሱ ሥራ ያቆማል። ታንኩን ሳየው ሌላውም ቀለም ጎድሏል። ደህናዎቹን ቀለሞች ለታመመው ማስታመሚያ አፈሰስኳቸው ማለት ነው።

በንዴት አጥፍቼው ዶሮ ወጡ ጋ ሄድኩ። የፋሲካን ዕለት አልነካሁትም። ማግስቱን አንድ ጊዜ ብቻ ባጥበው ግማሹ መስመር መጣ። ሌላ አንድ ሌሊት አሳድሬ ደግሞ አንዴ። ተከፈተ! ለካ የደረቀው እንዲርስ ጊዜ መስጠት ነው እንጂ መደብደብ አያስፈልግም ነበር። አሁን እሑድ እሑድ ቡና ሲፈላ አንዲት ገጽ አትማለሁ። ሁሉም ቀለም ያለባት ትንሽ ፎቶ። ጾምም ይሁን ፍስክ አላስተጓጉልም።

በዚያው ስለ ማጥፋትም ላንሳ። እኔ ፕሪንተሩን የማጠፋው ከዲቫይደሩ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንድ ጠቅታ። ይህ ክፉ ልማድ ነው። ፕሪንተር በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ ሄዱን ወደ ማረፊያው መልሶ ይከድነዋል። ከዲቫይደር ስትነጥቀው ግን ያለበት ቦታ ተከፍቶ ሊቀር ይችላል። ተከፍቶ ያደረ ቀለም ደግሞ ይደርቃል። መብራት በመሀል ሲጠፋም ያው ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ የተቆረቆረች ከተማ ውስጥ እየኖርኩ ስለ መብራት መጥፋት ማማረር አልፈልግም። ብቻ መብራት ሲመለስ መጀመሪያ የማደርገው ፕሪንተሩን አብርቶ በቁልፉ በወጉ ማጥፋት ሆኗል።

ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ክርስትና ነበር። ጎረቤታችን በስልክ ያነሳችውን የቤተሰብ ፎቶ አትምልኝ አለችኝ፤ አተምኩላት። አያትየው ከላይ ጥምጥማቸው የለም። የስልክ ፎቶ 4 ለ3 ነው፤ 10 በ15 ወረቀት ደግሞ 3 ለ2። 15 ሴንቲ ሜትሩን ለመሙላት 11.25 ቁመት ይፈልጋል፤ ስለዚህ 1.25 ሴንቲ ሜትሩ ይቆረጣል። ጠርዝ የለሽ ስታትም ደግሞ ፕሪንተሩ ፎቶውን ትንሽ ለጥጦ ከአራቱም በኩል ይጨምርበታል። የእኔ ካሜራ 3 ለ2 ስለሆነ ይህ ነገር ተሰውሮብኝ ኖሯል። ሁለተኛ ነጭ ጠርዝ ትቼ አተምኩላት። አያትየው ከነጥምጥማቸው ተመለሱ።

የጉርድ ፎቶውን ነገር አላስረዝመውም። ፕሪንተር እንዳለህ ሰፈር ካወቀ አለቀልህ። 3 በ4 የሆነው ጉርድ አንድ 10 በ15 ወረቀት ላይ 9 ይገባል፤ ከዚያ መቀስ ነው። በቴሌግራም ተልኮ የመጣ ፎቶ "በትልቁ አትምልኝ" ለሚልም መልሴ አንድ ነው። ሲላክ ተጨምቋል፤ እንደ ፋይል አድርገህ ድጋሚ ላክልኝ። የእኔ ያረጀ ካሜራ 12 ሜጋፒክስል ብቻ ነው፤ ግን ሳይጨመቅ ኤ4 ወረቀት ጥርት አድርጎ ይሞላል።

ለዳግማ ትንሣኤ ማግስት አንኮበር ወጣሁ። ቆላው በጉም ተሸፍኖ ነበር። ፖስታውን ሰጠኋቸው። አክስቴ እንደ ልማዳቸው ወደ በሩ ወሰዱት። ይህን ጊዜ አላራቁትም፤ ብቻ በአመልካች ጣታቸው ጉንጫቸው ላይ ያለችውን ጠባሳ ነኩ።

"ይቺንም አወጣሃት?"

"ላጥፋት?"

"ተው! የምጣድ ናት፣ በልጅነቴ።"

ከበሩ ትይዩ ሊሰቅሉት ሲሉ ከለከልኳቸው። የእኔ ፕሪንተር ቀለም ፀሐይ በቀጥታ ሲመታው ይደበዝዛል፤ ውሃ ሲነካው ይፈሳል። የጠላ ጠብታም ያው ነው፤ የአንድ ሙሽራ ከረባት እንዲህ ሲሄድ አይቻለሁ። ባለ መስታወት ፍሬም ይዤ ሄጄ ስለነበር ከጓዳው ወገን፣ ጭስ ከማይደርስበት ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ዞር ስል የገናው ከሰል ፎቶ ከመስቀሉ ሥር ተሰክቶ አየሁ።

"ይሄንንማ ይስጡኝ፣ ልጣለው።"

"ለምን? ልጆቹን ማስፈራሪያ ነው።"

ቡናው እስኪፈላ ወደ ደጅ ይዘውኝ ወጡና በዱላቸው ወደ በረቱ ጠቆሙ። "አሁን ደግሞ ላሚቱን አንሳልኝ። ከእኔ እሷ ትበልጣለች።"

ላሚቱ ጥቁር ናት፤ ግንባሯ ላይ እንኳ ነጭ የላትም። ባትሪውን ከሸሚዜ ኪስ አውጥቼ አስገባሁ። ቁልፉን ተጭኜ መዘውሯን ወደ መቀነስ አዞርኩ። ሁሉም ዝግጁ ነበር። ላሚቱ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ሣሩ ሄደች።