ትውከት ለሚያስፈራችሁ፦ ቪዲዮን መለማመጃ ማድረግ

ሰው ሲያስመልስ ማየት ወይም ራስ ማስመለስ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራቸው ሰዎች ከምናስበው በላይ ብዙ ናቸው። ድግስ ቤት አይበሉም፤ እርግዝናን የሚሸሹም አሉ። እንደኛ ጾም በሚበዛበት አገር ምግብ መቀነሳቸውን ማንም ልብ ስለማይል ችግሩ ለዓመታት ይደበቃል። ደግነቱ ይታከማል። መንገዱም የሚፈሩትን ነገር በጥቂት በጥቂቱ መልመድ ነው፤ ብዙውን ደረጃ ቤት ቁጭ ብሎ በስልክ መሥራት ይቻላል።

መጀመሪያ የሚያስፈሯችሁን ነገሮች ጻፉና ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡ። «ትውከት» የሚለው ቃል 2፣ የካርቱን ሥዕል 3፣ ፎቶ 4፣ ድምፁ የጠፋ ቪዲዮ 6 ሊሆን ይችላል። ለብዙ ሰው ከምስሉ ይልቅ ድምፁ ይከብዳል፤ ስለዚህ ለየብቻ ተለማምዳችሁ በኋላ አገናኟቸው። ተዋናይ አስመስሎ የሚያስመልስበት ቪዲዮ ከእውነተኛው በፊት ጥሩ መሸጋገሪያ ነው። 3 ወይም 4 ከሰጣችሁት ጀምሩ። በቀጥታ 9 ላይ የዘለለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን ጥሎ ይነሳል፣ ከዚያ ወዲያ መሞከርም አይፈልግም።

ከ15 እስከ 30 ሰከንድ የሚሆን አንድ ቪዲዮ ይበቃል። ቀድማችሁ አውርዱት፤ ጭንቀቱ ጫፍ ሲደርስ ኔትወርክ ከተቆራረጠ አእምሮ የሚይዘው «ስለቆመ ተረፍኩ» የሚለውን ነው። ቪዲዮ በራሱ ተከታትሎ እንዳይከፈት አውቶፕሌዩን አጥፉ። ከመክፈታችሁ በፊት የምትፈሩትን በአንድ መስመር ጻፉ፦ «ይህን ካየሁ አስመልሳለሁ»። ከዚያ እየደጋገማችሁ እዩት፣ በየዙሩ ቁጥሩን መዝግቡ። 6 የነበረው 3 ሲሆን ለዕለቱ ይበቃል። በማግስቱ 5 ሆኖ ቢጀምር አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው። ቁጥሩ ባይወርድ እንኳ የጻፋችሁት ነገር አለመድረሱ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ልምምዱን የሚያበላሹት ትንንሽ መሸሻዎች ናቸው፦ ዓይን ጨፈን ማድረግ፣ ስልኩን ማራቅ፣ ማስቲካ ማኘክ፣ ከሁሉም በላይ ሎሚ ወይም ጤና አዳም እያሸተቱ ማየት። ሎሚው በራሱ ክፋት የለውም፤ ግን «ያላስመለስኩት ሎሚ ስለያዝኩ ነው» የሚል ሐሳብ ስለሚተው ፍርሃቱ ባለበት ይቆያል። ባዶ ሆድ ሆኖ ማየትም ያው መሸሻ ነው። በልታችሁ እዩ።

መሃል ላይ ያጥወለውላችኋል፣ ምራቅ ይሞላል፣ ወደ ላይ ይላችኋል። ድንጋጤ የጨጓራን ሥራ ያዘገያል፤ ማቅለሽለሹም በአብዛኛው ከዚያ የሚመጣ እንጂ የትውከት ማስጠንቀቂያ አይደለም። ቪዲዮውን ሳታቆሙ ስሜቱን ተዉት፣ መጥቶ ይሄዳል።

ቪዲዮ ሲለመድ ሽታ ይቀጥላል። ቀጠን ባለ አጥሚት ላይ የተከተፈ ካሮትና አንድ ማንኪያ አቼቶ ጨምሩ፤ ሽታውም መልኩም በጣም ይቀርባል። ሽንት ቤት ገብታችሁ ኩባያውን አፋችሁ አጠገብ ይዛችሁ፣ የማስመለስ ድምፅ እያወጣችሁ ድፉት። ጣት ጉሮሮ ከትቶ ማስመለስ ግን የልምምዱ አካል አይደለም፣ ጉዳትም አለው። ክብደታችሁ እየቀነሰ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ወይም ፍርሃቱ ከደረሰባችሁ ከባድ ነገር ጋር የተያያዘ ከሆነ ብቻችሁን አትጀምሩ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ይሰጣል፣ እዚያ ሄዳችሁ ተማከሩ።

ቀጥሎ የመኪና መንገድ ነው። መጀመሪያ ከጎንደር አዘዞ ደርሶ መልስ፣ ከዚያ ደባርቅ፤ በልታችሁ፣ ሎሚውን ቤት ትታችሁ። ከደባርቅ ወደ ዛሬማ የሚወርደው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ለመጨረሻ ይቆይ፤ እዚያ ከተሳፋሪ አንዱ ማስመለሱ ብዙም አይቀርም። ረዳቱ ፌስታል ሲያቀብል ተቀብላችሁ ለሚያስፈልገው ሰው ስጡ፣ ፊታችሁንም አታዙሩ።