ተራራው ይሸሽጋል፣ አፉ ግን ይታያል

ስለ ሰርጓጅ መርከቦች ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የውኃ ውስጥ ኑሯቸው ነው፤ ምን ያህል ጥልቀት እንደሚወርዱ፣ ስንት ቀን ሳይወጡ እንደሚቆዩ፣ ምን ዓይነት ሚሳይል እንደሚሸከሙ። እኔን ግን ለዓመታት የያዘኝ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሰርጓጁ ከባሕር ሲመለስ የት ያድራል? በጥልቅ ውኃ ሳለ ለማግኘት እጅግ የሚያስቸግረው ይህ መርከብ ወደብ ላይ ሲታሰር አቅመ ቢስ ይሆናል። መጥለቅም ሆነ መሸሽ አይችልም፤ ርዝመቱና ቁጥሩም ከሰማይ ይነበባል። አንዳንድ አገሮች የባሕር ዳር ተራራ ፈልፍለው ሰርጓጆቻቸውን ለማስገባት ያን ያህል የደከሙት በዚህ ምክንያት ነው። የእነዚህን የጦር ሰፈሮች ታሪክ ደጋግሜ ካነበብኩ በኋላ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ከባዱ ሥራ ተራራውን መቦርቦሩ ሳይሆን የዋሻው አፍና ከአፉ ፊት ለፊት ያለው ውኃ መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ መሸሸግንና መመከትን መለየት ያስፈልጋል። ጀርመን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ የአትላንቲክ ዳርቻ፣ በሎሪየን፣ በሰን ናዜር፣ በብሬስትና በላ ሮሼል ያቆመቻቸው የኮንክሪት መጠለያዎች ከሩቅ የሚታዩ ግዙፍ ሕንፃዎች ነበሩ፤ የተሠሩትም ለመደበቅ ሳይሆን ቦምብ ለመቋቋም ነው። በእርግጥም ተቋቁመዋል። እ.ኤ.አ. በ1943 መጀመሪያ የሎሪየን ከተማ በአየር ድብደባ ስትወድም መጠለያዎቹ በቦታቸው ቀሩ፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ከጎናቸው የነበረው ነዋሪ ነው። በብሬመን አቅራቢያ የተጀመረውና ቫለንቲን የተባለው የሰርጓጅ መገጣጠሚያ ደግሞ ከዚህም ይከፋል። በግዳጅ ሥራ ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወታቸውን ካጡበት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1945 የእንግሊዝ ከባድ ቦምቦች 4.5 ሜትር ውፍረት የነበረውን የጣሪያውን ክፍል በሱት፤ አንድም ሰርጓጅ ሳይወጣበት ጦርነቱ አበቃ። ስለ ኮንክሪት ውፍረት በተነሣ ቁጥር እነዚያ ሰዎች ሊታወሱ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የኑክሌር ቦምብ ከመጣ በኋላ ግን ኮንክሪት ብቻውን አልበቃም፤ መጠጊያው ተራራ ሆነ። ሶቪየት ኅብረት በክሪሚያ፣ በባላክላቫ የባሕር ወሽመጥ ያስፈለፈለችውና እ.ኤ.አ. በ1961 የተጠናቀቀው ሰፈር ለዚህ ዘመን አስተሳሰብ ከሁሉ የተሻለ ምስክር ነው። ቦታው የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። ወሽመጡ ጠባብና ጠመዝማዛ በመሆኑ ከክፍት ባሕር የሚመለከት ሰው ወደ ውስጥ ማየት አይችልም። በተራራው ሆድ ውስጥ 602 ሜትር የሚረዝም የውኃ ቦይ ተቆፈረ፤ ሰርጓጆቹ በላዩ ተንሳፍፈው ይገቡበት ነበር። የመጠገኛ ገንዳው፣ የቶርፔዶ ማከማቻውና ሠራተኛው የሚጠለልበት ክፍል ሁሉ ከዚሁ ቦይ ጋር ተያይዞ ተሠራ። የቦዩ መግቢያና መውጫ በመረብና በመሸፈኛ ከዓለቱ ጋር እንዲመሳሰሉ ተደረገ። ከተማዋ ራሷ ለውጭ ሰው ዝግ ሆነች፤ ዋሻን መሰወር ማለት በአካባቢው የሚኖረውን ሕዝብም አብሮ መሰወር ማለት ነበርና።

የሁለት አፍ ነገር ከዚህ ላይ ሊጤን ይገባል። አንድ መውጫ ብቻ ያለው ዋሻ፣ ከላዩ ያለው ተራራ የቱንም ያህል ቢወፍር፣ ደጃፉ ላይ በሚወድቅ አንድ ፍንዳታ ሊዘጋ ይችላል፤ ያን ጊዜ መጠለያው ወደ ወጥመድነት ይለወጣል። ሁለተኛ አፍ መክፈት ግን ለጠላት ዓይን ሁለተኛ ምልክት መስጠት ነው። መሐንዲሱ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይጨነቃል።

ከዚያ የሚከተለው የድንጋዩ ጉዳይ ነው። ተራራ ሲቦረቦር የሚወጣው ድንጋይ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፤ በባሕር ዳር የሚከማች አዲስ ቁልል ደግሞ ከአየር ለሚመለከት ሰው ስለ ዋሻው ስፋት ይናገራል። ስዊድን ከስቶክሆልም በስተደቡብ ባለችው የሙስኮ ደሴት ከ1950 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. በሠራችው የባሕር ኃይል ሰፈር 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ድንጋይ ወጥቷል፤ ሦስት ትላልቅ የመርከብ ገንዳዎችና 20 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በዓለቱ ውስጥ ተዘርግተዋል። ሥራው ሁለት አሥርት ዓመታት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር።

ውስጡም ቢሆን ምቹ አይደለም። የባሕር አየር በቀዝቃዛው ዓለት ላይ እየጤዘ ብረትን ያዝጋል፤ የናፍጣ ሰርጓጅ ባትሪዎች ሲሞሉ የሚወጣው ሃይድሮጂን ደግሞ ከአየሩ 4 በመቶ ያህል ከደረሰ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ አየር ማስወጫ የግድ ነው፤ ከማስወጫው የሚወጣው ሙቀት ግን ሙቀትን ለሚለይ ካሜራ ሌላ ምልክት ይሆናል።

ከአፉ ፊት ያለው ውኃ የሚወስነውን ያህል ግን ማንም መሐንዲስ አይወስንም። ቻይና በቺንግዳዎ አቅራቢያ፣ በቢጫ ባሕር ዳርቻ፣ በዓለት የተፈለፈለ የሰርጓጅ ዋሻ አላት። ይሁንና የቢጫ ባሕር አማካይ ጥልቀት 44 ሜትር ያህል ብቻ ነው። 135 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዘመናዊ የኑክሌር ሰርጓጅ በዚያ ውኃ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቢቆም አብዛኛው አካሉ ከውኃው በላይ ይቀራል። ከዋሻው የወጣ መርከብ ጥልቅ ውኃ እስኪያገኝ ብዙ መጓዝ አለበት፤ በዚያ ጉዞ ላይ ደግሞ ተራራው አይከተለውም። የደቡብ ቻይና ባሕርን ጥልቅ ክፍል በቅርብ የሚያገኘው በሃይናን ደሴት ደቡብ ያለው የዩሊን ሰፈር ተመራጭ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብዬ አስባለሁ።

ዋሻ አንድ ጊዜ ከተፈለፈለ በኋላ ከመርከቡ ጋር አያድግም። ባላክላቫ ሲታቀድ የነበሩት የሶቪየት መካከለኛ ሰርጓጆች 76 ሜትር ያህል ርዝመት ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባሕር ላይ የወጣው ታይፉን የተባለው ግን 175 ሜትር ደረሰ። ፖለቲካም እንዲሁ ይለወጣል። ኖርዌይ በትሮምሶ አቅራቢያ በኦላቭስቨርን በአብዛኛው በኔቶ ገንዘብ፣ በ4 ቢሊዮን ክሮነር ገደማ ያሠራችውን የተራራ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2009 ዘጋችው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለግል ባለሀብቶች በ38 ሚሊዮን ክሮነር ገደማ ሸጠችው፤ ከዚያም የሩሲያ የምርምር መርከቦች ተከራይተው ቆሙበት። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አዝናለሁ፤ እንዲህ ያለ ቦታ አንዴ ከእጅ ከወጣ መልሶ ለመተካት አሥርት ዓመታት ይጠይቃልና። ስዊድን በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2019 የባሕር ኃይሏን ዋና መምሪያ ወደ ሙስኮ መልሳለች።

ዛሬ ሳተላይት በየዕለቱ በሚያልፍበት ዘመን ዋሻ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 አንድ የንግድ ሳተላይት በሃይናን ላይ ሲያልፍ አንድ ሰርጓጅ ወደ ዩሊን ሰፈር ዋሻ አፍ ሲገባ ፎቶ አንሥቶታል። ዓለም ሁሉ አፉ የት እንዳለ፣ በዚያ ቀን አንድ መርከብ እንደገባም አየ። በማግሥቱ ውስጥ ስንት መርከቦች እንደነበሩና በየትኛው ሌሊት እንደሚወጡ ግን ከፎቶው ማንበብ የቻለ የለም።