ጠንካራ ራውተር ፍለጋውን ትቼ ገመድ ሳብኩ

ሰላም ናችሁ። ከሦስት ወር በፊት ያገኘሁትን ሰው ሁሉ "ለትልቅ ቤት የሚሆን ጠንካራ ራውተር የቱ ነው?" እያልኩ ስጠይቅ ነበር። አሁን ጥያቄው ራሱ ልክ እንዳልነበረ ገብቶኛል። የደረስኩበትን ከነስህተቴ ልጻፈው። ባሕር ዳር ውስጥ እንደኛ ዓይነት ቤት ያለው ሰው ብዙ ስለሆነ ገንዘቡን ከመበተኑ በፊት ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ቤታችን ዓባይ ማዶ ነው። ጂ ፕላስ ቱ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ በየፎቁ መሀል ፌሮ የበዛበት ሶሌታ። ከጓሮ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ሰርቪስ ቤት አለ፣ በመሀል ደግሞ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ቆሟል። ፋይበሩ የገባው ታች ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። ጥቅላችን 25 ሜጋ ነው፤ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ስለካ 24 ይመጣል። እማዬ መኝታ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ 2 እንኳን አይሞላም። ካናዳ ካለችው እህቴ ጋር ስታወራ በየደቂቃው "ፊቷ ቆመብኝ እኮ፣ ልጄ" እያለች ትጠራኛለች። ነገሩን የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ኤክስቴንደር፣ ማለትም የዋይፋይ ሲግናል ተቀብሎ ወደ ፊት የሚያቀብል ዕቃ ገዛሁ። ሻጩ "እዚያው መኝታ ቤት ሰካው" አለኝ፣ ሰካሁት። ስልኩ ላይ ምልክቱ ሙሉ ሆነ፣ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። ኤክስቴንደር ያገኘውን ነው የሚያስተላልፈው፤ እዚያ የደረሰው ሲግናል አስቀድሞ ከሞተ የሚያስተላልፈውም የሞተውን ነው። ወደ ደረጃው መሀል ሳወርደው ትንሽ ተሻለ። ግን የኔ ዓይነቱ ርካሽ ኤክስቴንደር የሚቀበለውም የሚልከውም በአንድ ሬዲዮ ስለሆነ ፍጥነቱ ቢያንስ በግማሽ ይወርዳል።

ከዚያ በኋላ ነው መለካት የጀመርኩት። ዋይፋይ አናላይዘር የሚባለውን አፕ ስልኬ ላይ ጭኜ ክፍል በክፍል ዞርኩና ደብተር ላይ ጻፍኩ። አፑ የሲግናሉን ጥንካሬ የሚያሳይበት ቁጥር ኔጌቲቭ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው፣ በ10 በወረደ ቁጥር ደግሞ የሲግናሉ ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ሳሎን -41፣ አንደኛ ፎቅ -63፣ እማዬ ክፍል -78፣ ሰርቪስ ቤት -86። የቪዲዮ ጥሪ በደንብ እንዲሄድ እስከ -67 ድረስ ቢሆን ይመከራል። ደብተሩን ሳየው ችግሩ ፍጥነት እንዳልሆነ ገባኝ። ችግሩ ሶሌታው ነው። በተለይ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣኑ ሞገድ ወፍራም ነገር ማለፍ ያቅተዋል፤ 2.4 ይሻላል፣ ግን የጎረቤቱም ሁሉ እዚያው ላይ ተጨናንቋል።

ታዲያ ስምንት አንቴና ያለው ትልቅ ራውተር ለምን አልገዛሁም? ልገዛ ደርሼ ነበር። ያስቆመኝ አንድ ነገር ነው፤ ራውተሩ ብቻውን ቢጮህ ዋጋ የለውም፣ ስልኩም መመለስ አለበት። ጣና ላይ ታንኳ ውስጥ ያለን ሰው ከዳር ሆነህ በድምፅ ማጉያ ብትጠራው ይሰማሃል። እሱ ግን በባዶ ጉሮሮው ሲመልስ አንተ አትሰማውም። ስልክም እንደዚያው ነው። አንቴናው ትንሽ፣ ጉልበቱም ባትሪ ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ነገር ታች ከማስቀመጥ፣ ትናንሽ ነገሮችን ሰው ያለበት ክፍል አጠገብ አድርጎ በገመድ ማገናኘት ይሻላል። ሜሽ የሚሉትም፣ ብዙ ትናንሽ ራውተሮች እንደ አንድ የሚሠሩበት፣ ቢሆን ዕቃዎቹ እርስ በርስ በአየር ከተገናኙ ያው ሶሌታ ይጠብቃቸዋል። በገመድ ሲገናኙ ግን በጣም ጥሩ ነው።

ገመዱ ላይ አትቆጥቡ። ካት 6 (የኔትወርክ ገመድ ዓይነት ነው) ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ መዳብ አይደለም፤ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን ብቻ መዳብ የተቀባ አለ። ሱቅ ውስጥ ጫፉን በምላጭ ፋቅ ፋቅ ማድረግ ነው። ነጣ ብሎ ከወጣ ተዉት።

መሳቡ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ። ግድግዳ በትራፓኖ ልበሳ ስል፣ ድሮ ለዲሽ ተብሎ ከጣሪያ እስከ ሳሎን የተቀበረ ቱቦ እንዳለ ትዝ አለኝ። አዲሱን ገመድ ከአሮጌው የዲሽ ገመድ ጫፍ ጋር በፕላስተር አጥብቄ አሰርኩ፣ ዙሪያውን ፈሳሽ ሳሙና ቀባሁ፣ ወንድሜ ከታች እየገፋ እኔ ከላይ ሳብኩ። አንድ እጥፋት ላይ ተይዞ እምቢ አለ። ዝም ብሎ መጎተት ገመዱን ይበጥሰዋልና ትንሽ መለስ፣ ደግሞ ሳብ፣ መለስ፣ ሳብ እያደረግን በመጨረሻ ሰማያዊው ጫፍ ብቅ ሲል ሁለታችንም ጮህን። ከመብራት ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ አታስገቡ፣ አደጋ አለው።

ጃኩን ስመታ የቀለሙን ተራ በወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፤ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ሠራ፣ ግን የገመዱ ፍጥነት ከ1000 ሜጋ ይልቅ 100 ላይ ቆመ። ጃኩን ወደ ብርሃን ይዤ ሳየው ቡናማው ሽቦ እስከ ጫፍ አልደረሰም። ለ100 አራት ሽቦ ይበቃል፣ ለ1000 ግን ስምንቱም መንካት አለባቸው። ለ25 ሜጋ ጥቅል ለውጥ ባይኖረውም ቆርጬ ደገምኩት።

አንደኛ ፎቅ ላይ ካርቶን ውስጥ የከረመውን አሮጌ ራውተር አደረግኩ። እዚህ ላይ ሁለት ቀን ተሰቃይቻለሁ። ግማሹ ስልክ "ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም" ይላል። ለካ አሮጌውም የራሱን አድራሻ እያደለ ነበር። ዲኤችሲፒውን (አድራሻ የሚያድለውን ክፍል) አጠፋሁ፣ አድራሻውን ከዋናው የተለየ አደረግኩ፣ ገመዱን ዋን ከሚባለው የኢንተርኔት መግቢያ ቀዳዳ ነቅዬ ላን በሚባለው የቤት ውስጥ ዕቃዎች መሰኪያ ላይ ሰካሁ። በቃ፣ ተስተካከለ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ኮርኒስ ላይ የሚለጠፍ ዋይፋይ 6 አክሰስ ፖይንት (በገመድ የመጣውን ኢንተርኔት በዋይፋይ የሚረጭ ዕቃ) ገዛሁ፤ መብራቱን የሚያገኘው በዚያው በኔትወርክ ገመዱ ስለሆነ ሌላ ሶኬት አልፈለገም። አዲሱን ትውልድ ዋይፋይ 7 ግዛ ያሉኝ ነበሩ። የቤታችን ስልኮች አብዛኞቹ ዋይፋይ 5 ናቸው፣ ለማን ብዬ?

ለሦስቱም አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ሰጠሁ። በ2.4 ላይ ቻናላቸውን (የሚጠቀሙበትን የሞገድ መስመር) 1፣ 6 እና 11 አደረግኩ፣ እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ አይነካኩም። የታችኛውን ጉልበት ደግሞ ቀነስኩት። እሱ ጠንክሮ ሲጮህ ስልኮቹ ፎቅ ወጥተውም እሱን አንለቅም ይላሉ።

አሁን እማዬ ክፍል -49 ነው፣ ፍጥነቱም 23። መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥ የፋይበሩን ሳጥንና ገመዶቹ የሚገናኙበትን ስዊች ትንሽ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው መጠባበቂያ) ላይ አድርጌያለሁ። የላይኛው አክሰስ ፖይንትም በገመዱ በኩል ከዚያው ስለሚበላ አብሮ ይቆያል። ትናንት ማታ መብራት ሄዶ እማዬ በጨለማ ውስጥ ከእህቴ ጋር ስታወራ በደረጃው ሰማኋት።

የቀረው ሰርቪስ ቤቱ ነው። ማንጎው ቅጠሉ ዝናብ ሲጠጣ ሲግናሉን ይበልጥ ይውጠዋል፣ ቆርቆሮው ደግሞ ይመልሰዋል። የመዳብ ገመድ በጓሮ ልዘረጋ አስቤ ተውኩት። የባሕር ዳርን የክረምት መብረቅ ታውቁታላችሁ፤ ከቤት ወደ ቤት በተዘረጋ መዳብ ገብቶ በሁለቱም ጫፍ ያለውን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። ፋይበር መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የ30 ሜትር ፋይበርና ፋይበሩን ከኔትወርክ ገመድ ጋር የሚያገናኙ ሁለት ኮንቨርተሮች ዋጋ እያጠያየቅኩ ነው። ቱቦው የሚቀበርበትን ቦይ ከማንጎው ሥር ራቅ አድርጌ እስከ ግማሽ ድረስ ቆፍሬያለሁ።