ሁለት በር ያለው ፎልደር

ባለፈው ሳምንት አራት ኮምፒውተሮች ባሉት አንድ አነስተኛ የሒሳብ ቢሮ ውስጥ የጋራ ፎልደር ሳዘጋጅ ዋልኩ። ሠራተኞቹ እስከዚያ ቀን ድረስ ፋይል የሚለዋወጡት በፍላሽ ስለነበር የአንድ ወር የደመወዝ ሰነድ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» እና «ትክክለኛው የመጨረሻ» በሚሉ ስሞች በሦስት ኮምፒውተሮች ላይ ተበትኖ አገኘሁት፤ ክፍያው በየትኛው እንደተፈጸመ የሚያውቁት ገንዘብ ያዧ ብቻ ነበሩ።

ለዚህ ሥራ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ኮምፒውተሮቹ ከአንድ ራውተር ጋር መገናኘታቸው ይበቃል። ፎልደሩ በሚቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ የኔትወርኩን ዓይነት ከ«ፐብሊክ» ወደ «ፕራይቬት» ቀይሬ ፋይል ማጋራትን ፈቀድኩ፤ ይህ ካልተደረገ የዊንዶውስ ፋየርዎል (ከውጭ የሚመጣውን የሚቆጣጠረው ዘብ) ፋይል ማጋሪያ በሆነው መስመር፣ በፖርት 445፣ የሚመጣውን ጥያቄ ከደጅ ይመልሰዋል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ፎልደር «ሼሪንግ» እና «ሴኩሪቲ» የሚባሉ ሁለት በሮች አሉት፤ ከሌላ ኮምፒውተር የሚመጣ ሰው ሁለቱንም ማለፍ ስላለበት ሁለቱ የተለያየ ፈቃድ ሲሰጡ የሚጸናው ጠበቅ ያለው ነው። እኔም «ሼሪንግ» ላይ የመቀየር ፈቃድ ሰጥቼ «ሴኩሪቲ»ን ሳላየው በመቅረቴ፣ ጸሐፊዋ ሰነዱን ከፍታ ብታነብም ሴቭ ልታደርገው ስትል ዊንዶውስ ከለከላት። በዚህ ጊዜ ተናድዶ በሁለቱም በር ላይ «ኤቭሪዋን» (ማንኛውም ሰው) ለሚለው ሙሉ ሥልጣን የሚሰጥ ባለሙያ አይጠፋም፤ ነገር ግን የደመወዝ ሰነድ ለሁሉም ክፍት ሊሆን አይገባም። እኔ «ሼሪንግ»ን ለቢሮው ሠራተኞች በሙሉ ላላ አድርጌ ትቼ፣ የደመወዙን ፎልደር በ«ሴኩሪቲ» በኩል ለገንዘብ ያዧና ለሥራ አስኪያጁ ብቻ ወሰንኩት።

ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ ፎልደሩን ከራሳቸው ኮምፒውተር ለመክፈት ፓስወርዳቸውን ሦስት ጊዜ አስገብተው ሦስቴም ስሕተት ነው ተባሉ። ያስገቡት ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተራቸውን የሚከፍቱበትን ባለ አራት አሃዝ ፒን ነበር፤ ፒን ደግሞ ከዚያው ኮምፒውተር አልፎ በኔትወርክ ላይ አይሠራም። ጭራሽ ፓስወርድ የሌለው አካውንትም ቢሆን በኔትወርክ በኩል እንዳይገባ ዊንዶውስ ከመነሻው ይከለክላል። ስለዚህ ፎልደሩ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ኮምፒውተር ከሚጠቀምበት ጋር አንድ ዓይነት ስምና ፓስወርድ ያለው አካውንት ከፈትኩ፤ ከዚያ በኋላ ፎልደሩ ያለ ምንም ጥያቄ ተከፈተላቸው። የፓስወርድ ጥበቃውን ማጥፋት ይህን ሁሉ እንደሚያሳጥር አውቃለሁ፤ ሆኖም እንግዳ በስልኩ ዋይፋይ በሚጠቀምበት ቢሮ ውስጥ ፈጽሞ አላደርገውም።

ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራውተሩ ፎልደሩ ያለበትን ኮምፒውተር የኔትወርክ አድራሻ ከ192.168.1.10 ወደ 192.168.1.14 ስለቀየረው በአሮጌው አድራሻ በየኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጥኳቸው አቋራጮች ሁሉ ከንቱ ሆኑ። ራውተሩ ውስጥ ገብቼ አድራሻውን ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ አስጠበቅኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ «ፎልደሩ ጠፋ» የሚል ስልክ ተደወለልኝ። ጸሐፊዋን ወደ ዋናው ኮምፒውተር ሄዳ ማውሱን እንድትነካው ጠየቅኳት፤ ስክሪኑ በራ፣ ፎልደሩም ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ለካ ሥራ ሲያጣ ተኝቶ ኖሯል፤ ከፓወር ሴቲንግ ውስጥ «ስሊፕ» የሚለውን «ኔቨር» ላይ እንድታደርገው በስልክ መራኋት።