ጣርማ በር ላይ ፍሬኔ ሸተተ

ከደብረ ብርሃን በጠዋት በሳይክል ወጣሁ። ብርዱ ጣቴን አድርቆት ፍሬን መጨበጥ አቃተኝ። ግራ ቀኙ የገብስና የባቄላ ማሳ ነው፤ አንድ አባት እርሻቸውን አቁመው «አንተ ልጅ፣ በእግርህ ብትሄድ አይሻልህም?» አሉኝ። ዳገቱ ላይ ፍጥነቴን አይተው ነው፣ አልፈርድባቸውም።

ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ትንፋሽ ቁርጥ ይላል። ጣሊያን የቦረቦረው ዋሻ ደግሞ ጨለማ፣ እርጥብ፣ ከኋላ የአይሱዙ ጥሩምባ፤ ያለ መብራት መግባቴ የራሴ ጅልነት ነው።

ከዚያ ወደ ደብረ ሲና የሚጠማዘዘው ቁልቁለት መጣ፣ በጭጋግ። ፍሬኑን አልለቅ ስል የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ፤ ቆሜ ቸርኬውን ብነካው ፈጀኝ።

ደብረ ሲና ቆሎ ገዛሁ። ሻጯ ሳይክሉን አየችና አንድ እፍኝ መረቀችልኝ።